የወደቁትም ያቆዩት እምነት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ በየዕለቱ የሟች ስም ይጠራል። በዚያ ቀን የተሰየፈው፣ በእሳት የተቃጠለው፣ በበረሓ ብቻውን ያረፈው፣ በስደት የሞተው ይታወሳል። ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜን ድረስ ሞት የማይነሣበት ቀን ማግኘት ያስቸግራል። ከባሕረ ሐሳብ ስሌቶች አንዱ የሆነው ዓመተ ሰማዕታትም የሚነሣው ክርስቲያኖችን ካሳደደው ከሮማዊው ቄሣር ከዲዮቅልጥያኖስ ዘመን፣ ማለትም ከ276 ዓ.ም. ነው። እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ያሳደገው ሕዝብ መከራ ሲመጣበት ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሸሻል፤ እንግዳ ነገር ደረሰብኝ ግን አይልም።

ስለ መከራ ዘመን እምነት ስናወራ ግን ብዙ ጊዜ የምናነሣው የጸኑትን ብቻ ነው። ለእነርሱ የሚገባው ክብር ይሰጣቸው። ያለፉትን የመከራ ዘመናት በተርታ ለሚያይ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የጸኑት ከሞቱ፣ መጽሐፉ ከተቃጠለ፣ ሕንጻው ከፈረሰ፣ ከተረፈው ሕዝብ ብዙው በፍርሃት ከካደ፣ ሃይማኖቱን ለልጅ ልጅ ያደረሰው ማን ነው? እኔ የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ነው፤ ድጓውን በቃሉ የያዘ መርጌታ፣ ሬሳ ሳይቀበር አያድርም ያለ ጎረቤት፣ ወድቆ የተመለሰ ሰው፣ ለተመላሹም በሩን የከፈተ ካህን። ይህ ቅኝት በተለይ እነዚህን ይከተላል። ሌላ ካልተባለ በቀር ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥንታዊውን ክፍል በአጭሩ ልለፈው። በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡብ ዓረብ ናግራን የነበሩ ክርስቲያኖች በንጉሡ በዙ ኑዋስ፣ በእኛ ትውፊት ፊንሐስ በሚባለው፣ ተፈጁ። ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 26 ታስባቸዋለች። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ዘመቱ፣ አሸነፉም። ትውፊቱ አጥብቆ የያዘው ግን ከድሉ በኋላ ያለውን ነው። ካሌብ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መነኮሱ። ታላቁን ዘመቻ የመራ ንጉሥ ሞቱን በትንሽ በአት ሆኖ መጠበቁ ለኋለኛው ትውልድ ምሳሌ ሆኗል።

ሺህ ዓመት ያህል አልፎ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግል ጦር በኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ አሕመድ በሚባሉት፣ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥራ አራት ዓመታት ክርስቲያኑ ደጋ ከዳር እስከ ዳር ታመሰ። መካነ ሥላሴ ነደደች፤ አትሮንሰ ማርያም ነደደች፤ በ1523 ዓ.ም. ክረምት ደብረ ሊባኖስ ነደደ። የደብረ ሊባኖስን መቃጠል የጻፈልን የኢማሙ ወገን የሆነው ዓረብ ፋቂህ ነው። መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲቃጠል እያዩ ራሳቸውን ወደ እሳቱ እንደጣሉ ሳይደብቅ መዝግቧል። ባላጋራ የመሰከረው ስለሆነ ይህ ክፍል ሁልጊዜ ይከብደኛል። ልብነ ድንግል ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሹ ኖረው በገመድ ብቻ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ አረፉ።

በዚያ ዘመን ከነበሩት ሰዎች ይበልጥ የሚደንቀኝ ዕጨጌ ዕንባቆም ናቸው። የመናዊ ነበሩ፤ እስላም ሆነው አድገው፣ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ክርስትና ተቀብለው፣ መንኵሰው እስከ ደብረ ሊባኖስ ዕጨጌነት ደረሱ። ገዳማቸው ሲቃጠል እሳቸውም ተሰደዱ። በስደቱ ዘመን ለራሳቸው ለኢማም አሕመድ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ቁርኣንን ጠንቅቀው ያውቁ ስለነበር የተከራከሩት ከቁርኣን እየጠቀሱ ነው፤ ገዳማትና መነኮሳት እንዳይነኩም ለመኑ። ሁለቱንም ሃይማኖት ከውስጥ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ከጦር ሠራዊት ፊት ብዕር ይዞ መቆሙ ከዘመኑ ጀግንነት ሁሉ ያላነሰ ነው።

ጦርነቱ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ በኢማሙ ሞት ሲያበቃ የልብነ ድንግል ልጅ ዐፄ ገላውዴዎስ ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎች ተደቀኑባቸው። የመጀመሪያው የጠፋው ዕውቀት ነው። መጻሕፍቱ ከቤተ ክርስቲያናቱ ጋር ተቃጥለዋል፤ መምህራኑ ሞተዋል ወይም ተበትነዋል። በሊቃውንቱ ትውፊት እንደሚነገረው ድጓው ከጥፋት የተረፈው በጋይንት ቤተልሔም ነው። ቤተልሔም እስከ ዛሬ የድጓ ምስክር ቤት ሆና መቆየቷም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በዚያው በገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም የዜማውን ምልክት አወጡ። እስከዚያ ድረስ ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚተላለፍ ነበር። መምህሩ ቢሞት አብሮት የሚቀበረው ምን ያህል እንደሆነ ያ ትውልድ በዓይኑ አይቷል፤ ስለዚህ ከቃሉ በላይ የሚጻፈውን ምልክት ሠራ። ዛሬ በየቅኔ ማሕሌቱ የሚሰማው ዜማ ያን ፍርሃት ባለፉ ሰዎች እጅ አልፎ የመጣ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የከበደ ነበር። ብዙ ሕዝብ በሰይፍ ፍርሃት፣ በረኃብ፣ ወይም ዘመኑ አልፏል ብሎ ተስፋ በመቁረጥ ሃይማኖቱን ቀይሯል። አሁን መመለስ ይፈልጋል። ምን ይደረግ? ዳግም አይጠመቅም፤ ጥምቀት አንዲት ናትና። ዝም ብሎም ቤተ መቅደስ አይገባም። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ መጽሐፈ ቄደር ነው፤ የካደ ሰው በንስሐ ሲመለስ በጸሎትና በተባረከ ውኃ የሚነጻበት ሥርዓት። ስለዚያ ዘመን ስናወራ ይህን መጽሐፍ አብዝተን አለማንሣታችን ያሳዝነኛል። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በየደብሩ ደጅ ምን ያህል ሰው ቆሞ እንደነበር እንገምት፤ ከጎረቤቱ ዓይን የሚሸሽ አባት፣ ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት፣ ምናልባትም ታቦቱን ደብቆ ራሱ የካደ ቄስ። ቤተ ክርስቲያን እነዚህን ሰዎች ከደጇ ብታባርራቸው ኖሮ የሚቀርላት ምን ነበር? ገላውዴዎስ ራሳቸው በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ወደቁ፤ ያስመለሱት ሕዝብ ግን ቀረ።

መከራው ሁልጊዜ ከውጭ ብቻ አልመጣም። በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት መቀበላቸውን በይፋ አሳወቁ። የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ከመጡ በኋላ ነገሩ ጠና፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ቤተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ ታዘዘ፤ የቀዳሚት ሰንበትና የአጽዋማቱ ሥርዓት ተነካ። ለገበሬው ይህ ማለት አባቱ ያለ ጥምቀት ሞቷል መባል ነው። የሞተ አባቱን የሚነካ ትእዛዝ እንደማይታገሥ ነገሥታት ቶሎ አይረዱትም።

በዚህ ጊዜ ከፊት የተሰለፉት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የንጉሡ የጦር አለቃ የነበረ ባሏን ትታ መነኮሰች፤ አዲሱን ሃይማኖት አልቀበልም ብላ በንጉሡ ፊት ቆመች፤ ወደ ምዕራቡ ቆላ ተጋዘች። በየተሰደደችበትም ሰው ይከተላት ነበር፤ ገድሏ ሰባት ማኅበራትን እንደመሠረተች ይቈጥራል። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የተጻፈው ይህ ገድል ቅድስቲቱን አያለሳልሳትም፤ በቁጣዋ፣ በሕመሟ፣ በተከታዮቿ ጠብ መካከል ያሳያታል። ሱስንዮስ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን እበድለዋለሁ። የተሳደደው ክርስቲያን ሥልጣን ሲይዝ አሳዳጅ ሆኗል። በጎጃም የተወለዱት ሊቅ አባ ገብረ ሚካኤል ካቶሊክ በመሆናቸው በእስርና በእግር ብረት ተንገላተው በ1847 ዓ.ም. ሞቱ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዱ። ቀን ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ማታ በቤታቸው የሰገዱት እነዚያ ሰዎች ስለ እምነት ጽናት የሚያስተምሩን ከእኛ ሰማዕታት አያንስም።

ከአገር ውጭ የነበሩትም የራሳቸው ጽዋ ነበራቸው። በኢየሩሳሌም ዴር ሡልጣን ይኖሩ የነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1830 ዓ.ም. በገባው ወረርሽኝ ከሞላ ጎደል አለቁ። መጻሕፍታቸውና የይዞታ ሰነዶቻቸውም በሽታውን ያስተላልፋሉ በሚል ሰበብ እንደተቃጠሉ ኢትዮጵያውያን አጥብቀው ይናገራሉ። ያለ ሰነድ የቀረው ማኅበር በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ባሉት ትንንሽ የጭቃ ጎጆዎች አዲስ መነኮሳትን እየተቀበለ ዛሬም አለ። የባለቤትነቱ ክርክር አላለቀም፤ ቅዳሴውም አልተቋረጠም።

ወደ ክፉ ቀን ስንመጣ የመከራው መልክ ይለወጣል። በ1880 ዓ.ም. በምፅዋ በኩል ከገባው ከብት ጋር የተዛመተው በሽታ የአገሪቱን ከብት ከዐሥር ዘጠኙን ያህል ፈጀው። በሬ የሌለው ገበሬ አላረሰም፤ ዝናቡ ቀረ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ በቆየው ረኃብ ከሕዝቡ ሲሶው እንዳለቀ ብዙ ጸሐፍት ይገምታሉ። ዳግማዊ ምኒልክ መኳንንቱ ያለ በሬ ማረስን እንዳይንቁ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ።

እዚህ አሳዳጅ ንጉሥ የለም፤ ካድ ወይም ሙት የሚል ድምፅ የለም። የሚፈትነው ሆድ ነው። የአህያና የፈረስ ሥጋ በአጽዋማትና በንጹሕ መብል ሥርዓት ላደገ ክርስቲያን የሚነካ አልነበረም፤ በክፉ ቀን ግን ተበላ። ሰው ከቀየው እየለቀቀ በመንገድ ላይ ወደቀ፤ ቀባሪ አጥቶ የጅብ ሲሳይ ሆነ። ሰማዕትነት አንድ ጊዜ የሚወሰን ነው፤ ረኃብ ግን በየጠዋቱ እንደገና ያስወስናል። የመጨረሻውን ቁና እህል ከጎረቤቱ ልጅ ጋር የተካፈለና በሩን ዘግቶ ብቻውን የበላ ሰው ከክፉ ቀን በኋላ በአንድ ደብር አብረው ቆመው አስቀድሰዋል። አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳየው ስንክሳሩ አይነግረንም።

ከዚያ በኋላ ሌላ የጅምላ ሞት የመጣው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለሞት ተቃርበው ነበር፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው የሟቹን ቁጥር ከ10 ሺህ በላይ ያደርሱታል። ቀባሪው ሳይመለስ ይታመም ነበር። ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ጠፍቶ ሬሳ ያለ ጸሎት አፈር ለበሰ። በየዓመቱ ኅዳር 12፣ በሚካኤል ዕለት፣ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚቃጠለው የዚያ ዘመን ትዝታ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ያለ ፍትሐት መቀበር ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የሞቱን ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። መጽሐፈ ግንዘት ይደገማል፤ ሣልስት ይታሰባል፤ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ ይቈጠራል፤ በአርባው ቀን ደግሞ ካህናትና ድኾች ተጠርተው ተዝካር ይወጣል፤ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት ይከተላሉ። በዚህ ሥርዓት ሐዘንተኛው ብቻውን የሚቀርበት ሳምንት እምብዛም የለም። ሟቹ ከጸሎት አይወጣም፤ ቤተሰቡም ከሰው አይወጣም። ተዝካር ገበሬውን ዕዳ ውስጥ ይከታል ተብሎ ሲነቀፍ ኖሯል፤ ነቀፋው እውነት አለው። የሚተችው ሰው ግን ያ ድግስ ለሐዘንተኛው የሚሠራለትንም ማየት አለበት።

በከተማ ደግሞ ዕድር መጣ። አጀማመሩን ተመራማሪዎች በተለያየ መንገድ ቢያስረዱትም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በአዲስ አበባ እንደተስፋፋ ይስማማሉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጡሩምባው፣ የወር መዋጮው ከማንም መዝሙር ያላነሰ የእምነት ሥራ ነው ባይ ነኝ። በአንድ ዕድር ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም አንዱ የሌላውን ሬሳ የሚሸኝበት ሰፈር ብዙ ነው።

የጣሊያን ወረራ ወደ መጀመሪያው ዓይነት መከራ መለሰን። በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አርበኞች አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲሞክሩ አቡነ ጴጥሮስ አብረዋቸው ነበሩ። ተይዘው ለወራሪው እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲሰብኩ ተጠየቁ፤ እምቢ ብለው ምድሪቱም ሕዝቡም ለጠላት እንዳይገዛ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእስክንድርያ መንበር ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ ተውኔት ጽፎላቸዋል፤ ያንን ሞት ከእኔ ትውልድ ልብ ውስጥ ያስገባው ያ ተውኔት ነው። አቡነ ሚካኤልም በምዕራብ በኩል እንዲሁ ተገደሉ።

በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የገዢው ዓይን ደብረ ሊባኖስ ላይ አረፈ። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ አፅም የሚከበርበት ዕለት ነው፤ መነኮሳቱም ተሳላሚውም እንደሚሰበሰብ ይታወቃል። ወታደሮቹ የመጡት ያን ዕለት ጠብቀው ነው። በማግሥቱ በጄኔራል ማሌቲ አዛዥነት መነኮሳቱ በላጋ ወልዴ ሸለቆ ተረሸኑ፤ ከቀናት በኋላ ዲያቆናቱ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ እንግጫ ላይ ተከተሉ። የጣሊያን ቴሌግራሞች 297 መነኮሳት፣ ከእነርሱ ጋር 23 ምእመናን፣ በኋላም 129 ዲያቆናት ይላሉ። በኋላ ቦታው ድረስ ሄደው ያጠኑት ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የሟቹን ቁጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል። በእንግጫ የወደቁት ገና በትምህርት ላይ ያሉ ልጆች ነበሩ። አንድ ዲያቆን ሲገደል ዳዊቱን፣ ጾመ ድጓውን፣ ነገ ሊያስተምረው የነበረውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ የተድባበ ማርያም ሊቃውንት የፈሩት ነገር በአንድ ቀን ሲደርስ ያየነው እዚህ ነው።

በዚያው ዘመን ለጣሊያን ያደሩ ጳጳስና ካህናትም ነበሩ። ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ አቡነ አብርሃምን በላይዋ ሾመ። ከነጻነት በኋላ ከእስክንድርያ ጋር ዓመታት የፈጀ ድርድር ተደርጎ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። የደብረ ሊባኖስ ገዳምም እንደገና ተተከለ፤ ከየአውራጃው የመጡ መነኮሳት ሞሉት።

በወላይታ የሆነው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን ሰዎች በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ሶዶን ለቀው ሲወጡ ትተውት የሄዱት 48 የተጠመቁ አማኞችን ነበር። ትምህርት ቤት የላቸው፣ ገንዘብ የላቸው፤ የወንጌል ክፍሎች እንጂ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በቋንቋቸው የላቸው። መሪዎቻቸው ታስረው ተገረፉ፤ ዋንዳሮ ደባሮ ከግርፋቱ ተርፎ ከወጣ በኋላ ስብከቱን ቀጠለ። በ1935 ዓ.ም. ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ አማኝ ጠበቃቸው። የታሰረውን ወንድም የሚመግብ፣ የተቃጠለበትን ቤት የሚሠራ ማኅበር ያየ ጎረቤት ምን ሃይማኖት ነው ይህ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የእነዚህ አማኞች የእምነት ዘመዶች የሆኑት ጴንጤቆስጤዎች በኋላ በራሱ በክርስቲያኑ ንጉሥ ዘመን የምዝገባ ፈቃድ ተከልክለው ታስረዋል።

ደርግ ሲመጣ የሁሉም ተራ ሆነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቤተ ክርስቲያኒቱን መሬት ወሰደ፤ ገዳማትና አድባራት ኑሯቸው ተናጋ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንግሥት ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾመዋል ተብለው ከመንበራቸው ወርደው ታሰሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ተገደሉ። በዚያው ወር፣ ሐምሌ 21፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ቄሱ በዚያው ተገደሉ።

እነዚህን ሁለት ሞቶች ለየብቻ የምናስባቸው በየቤተ እምነታችን አጥር ውስጥ ስለምንኖር ነው።  ጉዲና ግን አብያተ ክርስቲያናት በደርግ ፊት በአንድነት እንዲቆሙ የኦርቶዶክስን፣ የካቶሊክንና የወንጌላውያንን መሪዎች የሚያሰባስብ ምክር ቤት ለማቋቋም ደክመዋል። ቀደም ሲል ከእስር ሲለቀቁ በታንዛኒያው ፕሬዝዳንት በጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ወይዘሮ ፀሐይ ወደ ዐሥር ዓመት የሚጠጋ እስር ጠበቃቸው። የአቡነ ቴዎፍሎስም የቄስ ጉዲናም አፅም ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ተገኝቶ በክብር ዐረፈ።

በአቡነ ቴዎፍሎስ ቦታ የተቀመጡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በወላይታ በባዶ እግራቸው እየዞሩ ያገለገሉ መነኩሴ ነበሩ። መንግሥት የመረጣቸው የዋህ ናቸው፣ ይታዘዛሉ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። እስክንድርያ ሹመታቸውን አልተቀበለችም። እሳቸው ግን በመንበሩ ላይ ሆነው ጾሙ፤ ሰውነታቸው እስኪመነምን ጾመው በ1980 ዓ.ም. አረፉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከጸኑት ናቸው ከወደቁት? በእኔ ግምት ይህን መለያየት ከንቱ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ ናቸው።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ተዘጋች፤ መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ያኔ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት። ጥቂት ጥቂት ሆነው በየቤቱ እየተሰበሰቡ፣ ድምፅ ቀንሰው እየዘመሩ፣ የመሰብሰቢያውን ቤት እየለዋወጡ ቆዩ፤ ደርግ ሲወድቅ 34 ሺህ ሆነው ወጡ። በኦርቶዶክሱም በኩል አቡነ ጎርጎርዮስ በዝዋይ ወጣቶችን እየሰበሰቡ አስተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነገ የት እንደሚወድቁ ሳያውቁ በአንድነት ይጸልዩ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ሥሮች አንዱ ይህ ነው። ከእነዚህ ወጣቶች አንዳንዶቹ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አምላክ የለም ሲሉ የነበሩ ናቸው። እንደ ገላውዴዎስ ዘመን ሰዎች ተመላሾች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ አንባቢ በዕድሜው ያየው ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በዳግም ትንሣኤ ዕለት፣ በሊቢያ ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን በክርስትናቸው ምክንያት ሲገደሉ የሚያሳይ ምስል ተሠራጨ። ወደ አውሮፓ ሊሻገሩ በሥራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ። አዲስ አበባ ቂርቆስ ሰፈር ሬሳ በሌለበት ድንኳን ተተከለ። በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በሲርት አካባቢ 34 አፅሞች ያሉበት የጅምላ መቃብር መገኘቱን የሊቢያ ባለሥልጣናት አስታወቁ። በጂዳ ደግሞ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በአንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን፣ 29ኙ ሴቶች፣ ታስረው ከወራት በኋላ ተባረሩ። በሰው ቤት ሥራ የምትውል፣ የራሷ ቀን የሌላት ሴት ጾሟን ቈጥራ መጾሟ፣ በዕረፍት ቀኗ እህቶቿን ፈልጋ መጸለይዋ ማንም ያላዘዛት ነው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ፋሲካን በየቤታችን በቴሌቪዥን አስቀደስን። ብዙ ሰው ያኔ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋብን ብሎ አለቀሰ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያ የከፋው መጣ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት አንድ ወንጌል የሚሳለሙ፣ በአንድ ቋንቋ የሚቀድሱ ሰዎች ተገዳደሉ፤ ካህናት ተገደሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተመቱ። የትግራይ አህጉረ ስብከት ከአዲስ አበባው ሲኖዶስ ተለይተው የራሳቸውን መዋቅር አቆሙ፣ ኋላም ጳጳሳት ሾሙ። ሲኖዶሱ ይቅርታ ጠየቀ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ መቀሌ ድረስ ሄዱ፤ የትግራይ አባቶች ግን አልተቀበሏቸውም።

በቀደሙት ዘመናት ሁሉ የሚመለሰው ማን እንደሆነ፣ የሚቀበለውም ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር። አሁን ሁለቱም ወገን በደረሰበት በደል ቆስሏል፤ ሁለቱም ወገን ሙታኑን ገና በሙሉ አልቀበረም። ለካደው ሰው መጽሐፈ ቄደርን ያገኘች ቤተ ክርስቲያን ወንድሙን ለገደለው፣ ግድያውንም ለባረከው አገልጋይ የመመለሻ መንገድ መፈለግ ይኖርባታል። ሊቃውንቱ፣ መነኮሳቱ፣ በሁለቱም ወገን ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች በአንድ ጉባኤ የሚቀመጡበት ቀን አልተቈረጠም። የሚቈርጠውም ጳጳሳቱን የሚሰማ መንግሥት ወይም መንግሥትን የሚሰሙ ጳጳሳት ብቻ እንዳይሆኑ እመኛለሁ።